የተማሪነት ፈቃድ ሲያበቃ፦ አዲስ ተመራቂ ፕሮግራመሮች በምን መሣሪያ ይሥሩ?

በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቆ ቡታጅራ ወደ ቤተሰቡ ለተመለሰ ወጣት የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ጊዜ ከሩቅ አይመጣም። አጎቱ ወይም የሰፈሩ ባለሱቅ «እስቲ የገባና የወጣ ዕቃ የሚቆጥርልኝ ነገር ሥራልኝ» ይለዋል። ላፕቶፑን ሲከፍት ግን ከወልቂጤ ወይም ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዞት የመጣው ፕሮግራም ፈቃዱ ማብቃቱን ይነግረዋል። ያኔ ከፊቱ ሦስት መንገድ ይታየዋል፦ በዶላር መግዛት፣ የተሰበረ ቅጂ በፍላሽ መቀበል፣ ወይም ሌላ መሣሪያ መፈለግ። እኛ የምንመክረው ሦስተኛውን ነው።

በቅድሚያ «ነፃ» የሚለውን ቃል ለይተን እንወቅ፤ ብዙዎችን የሚያሳስተው እሱ ነውና። ለተማሪ ብቻ ነፃ የሆነ አለ። የጄትብሬይንስ የትምህርት ፈቃድ በየዓመቱ የሚታደሰው ተማሪ ወይም መምህር እስከሆናችሁ ድረስ ነው፤ ገቢ ለሚያስገኝ ሥራም አይፈቀድም። የጊትሀብ የተማሪዎች ጥቅልም ከተማሪነት ጋር የተያያዘ ነው። ሌላው ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነፃ የሆነው ነው። የዚሁ ኩባንያ ዌብስቶርምና ራይደር እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ በዚህ መልክ ተፈቅደዋል። ለመማር ጥሩ ናቸው፤ ባለሱቁ አንድ ሺህ ብር ከከፈላችሁ ግን ሥራው ንግድ ሆኗል።

የምትፈልጉት ለሁሉም፣ ለገቢ ሥራም ጭምር ነፃ የሆነውን ነው። ቪኤስ ኮድ እንዲህ ነው። ፓይተን፣ ፒኤችፒ፣ ፖስትግሬስና ኤስኪውላይትም እንዲሁ። ሲ ሻርፕ የተማራችሁ ከሆነ ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮሚዩኒቲ በግሉ ለሚሠራ ሰው ለሚሸጥ ሥራም ተፈቅዷል፤ ይህን የማያውቅ ተመራቂ ግን የሌላውን እትም የተሰበረ ቅጂ ሲፈልግ ይውላል። ለአንድ ሱቅ ዕቃ መቁጠሪያ ኤስኪውላይት ይበቃል፤ ሙሉ መረጃው በአንድ ፋይል ስለሚቀመጥ ማታ ማታ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ማስቀመጥም ቀላል ነው።

የዶላሩ ነገር ቀላል አይደለም። በወር 10 ዶላር የሚጠይቅ መሣሪያ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ለውጥ በፊት በባንክ ዋጋ 570 ብር ገደማ ነበር። ከወራት በኋላ ከ1,200 ብር በላይ ሆነ። ዓለም አቀፍ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ማግኘት ደግሞ ሌላ ራስ ምታት ነው።

ወጪው በዋጋው ብቻ አይለካም፤ ዳታና ማሽንም አለ። አንድሮይድ ስቱዲዮ ራሱ ነፃ ቢሆንም ለማውረድ ብቻ ከ1 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል፣ 8 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተርም ይፈልጋል። ማሽናችሁ ደካማ ከሆነ በስክሪን ላይ የሚከፈተውን ምናባዊ ስልክ ተዉትና የራሳችሁን ስልክ በኬብል አገናኙ። ትልልቁን ፋይል አንዱ በሌሊት ጥቅል አውርዶ ለጓደኞቹ በፍላሽ ቢያካፍል፣ ፈቃዱ ማካፈልን እስከፈቀደ ድረስ፣ ነውር የለውም። ጊት ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራ መስመር ሲጠፋ ሥራ አይቆምም። ዊንዶውስ 10 መደበኛ የደህንነት ማሻሻያው ከጥቅምት 4 ቀን 2018 ጀምሮ ስለቆመ፣ መርካቶ ያለ ዘመድ በልኮት ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ ሚንት ወይም ሉቡንቱ መጫን የተሻለ ነው።

ስለ ተሰበረው ቅጂም ዝም ብለን አናልፍም። ብዙ ጊዜ ሲጫን «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ይላል። በዚያ በር የገባ ተንኮል አዘል ፕሮግራም የእናንተን የይለፍ ቃል ብቻ ሳይሆን የባለሱቁንም ሒሳብ ሊያወጣ ይችላል፤ የሰው ሒሳብ ደግሞ አማና ነው። በአገራችን የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ሥራ ነው። በእስልምና ትብብር ድርጅት ሥር ያለው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው ጉባኤ፣ የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ እንደሆኑና መጣስ እንደማይፈቀድ ወስኗል። ዝርዝሩን ለዑለማዎቻችን እንተዋለን። ሐላሉ ያለ ክፍያ እጃችን ላይ እያለ ግን ወደ አጠራጣሪው የሚያስኬድ ምክንያት አይታየንም።

ገንዘብ የግድ የሚወጣበት ቦታ ካለ የድረ ገጽ ስም እና ማስቀመጫው ነው፤ እሱም ባለሱቁ ድረ ገጽ ከፈለገ። ይህን ከኪሳችሁ አትክፈሉ። በየዓመቱ የሚታደስ መሆኑን አስቀድማችሁ ለባለሱቁ ንገሩት፣ ከድካማችሁ ዋጋ ለይታችሁ በወረቀት ጻፉት፣ ስሙንም በእሱ ስምና ኢሜይል አስመዝግቡ። ነገ እናንተ አዲስ አበባ ሥራ አግኝታችሁ ብትሄዱ የሱቁ ገጽ አብሯችሁ አይሄድም።