የአንድ ሰው ቂም፣ የብዙ ሰው ዕዳ

አንባብያን ሆይ! «ደም መላሽ» የሚለውን ቃል ያልሰማ ከእናንተ መካከል አይገኝም። ወንድሙ የተገደለበት ሰው ገዳዩን ያጣ እንደ ሆነ የገዳዩን ወንድም፣ እሱንም ያጣ እንደ ሆነ የአጎቱን ልጅ ይጠብቃል። ያ የአጎት ልጅ በጠቡ ቀን ምናልባት ትምህርት ቤት ነበረ። ከዚያ ወዲያ ግን ገበያ መውጣት ያስፈራዋል፤ ማሳውም ጦሙን ያድራል።

የወሎ አባቶች ይህን ጉዳት አስቀድመው ተረድተውታል። ከወልድያ በደሴ መንገድ ብትወርዱ የሐብሩን ወረዳ ከተማ መርሳን ታገኛላችሁ። በዚያም ሆነ በቀረው የወሎ አገር ደም የፈሰሰ እንደ ሆነ ሽማግሌዎች በመካከል ይገባሉ፤ «አበጋር» የሚባሉት አስታራቂዎችም ለዚሁ የታወቁ ናቸው። ካሳውን ዘመድ አዋጥቶ ይከፍላል። የሁለቱም ወገን ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ቂም ላይዝ ይምላል። ደም ደረቀ የሚባለው ያን ጊዜ ነው። ጠቡ የሁሉ ዕዳ ከሆነ እርቁም የሁሉ ይሁን ማለታቸው ነው።

አስታራቂ በታጣበት ቦታ ምን እንደሚደርስ ለማየት የአሜሪካዊውን ደራሲ የኸርማን ሜልቪልን «ሞቢ ዲክ» አንብቡ። መጽሐፉ የታተመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. ነው። ካፒቴን አሃብ እግሩን የቆረጠውን ነጭ ዓሣ አንበሪ ሊበቀል ይነሣል። መርከበኞቹ የተቀጠሩት ለእንጀራቸው ነበር። እሱ ግን መርከቡ ባሕር መካከል ከገባ በኋላ የወርቅ ገንዘብ በምሰሶው ላይ ቸንክሮ፣ መጠጥ አስቀድቶ፣ ለበቀሉ አስማላቸው። ሐብሩ ላይ ለእርቅ የሚማለው መሐላ እዚያ ለጥፋት ዋለ!

ምክትሉ ስታርበክ ብቻ ተቃወመ። ሚስትና ልጅ ያሉት ሰው ነበረና አሃብን እንመለስ ብሎ ለመነው፤ በመጨረሻ ግን ታዘዘ። የሌላ መርከብ ካፒቴንም ባሕር ላይ የጠፋ ልጁን አብሮት እንዲፈልግለት አሃብን ቢማጸነው እምቢ አለው። በፍጻሜው ዓሣ አንበሪው መርከቡን ሰበረ፤ ከአንድ ሰው በቀር ሁሉም አለቁ። የተረፈውንም ያነሣው ያው ልጁን ፍለጋ የሚንከራተተው መርከብ ነበር።

እናንተ ተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች፣ ይህ ነገር የባሕርና የጠመንጃ ብቻ አይምሰላችሁ። ሁለት ጸሐፊዎች ተቀያይመው አንዱ የሌላውን ፋይል ቢያቆይ፣ ደጅ የሚጠናው ከገጠር በእግሩ የመጣ ባለጉዳይ ነው። እሱ ማንንም አልበደለም። እንግዲህ ባልደረባችሁ «ሳልበቀለው አልቀርም» ሲል በሰማችሁ ጊዜ አብራችሁ አትማሉ፤ ዝም ብላችሁም አትለፉ። ሳይመሽ ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጧቸው።