የጥንቱ የስልክ ማዳመጫ

በአሪ አገር፥ በገዘር፥ እንሰትና ቡና በከበበው ቤት ደጃፍ የተቀመጠች አንዲት እናት እናስብ። ልጅዋ ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሄዷል። ቀድሞ ቢሆን ወሬውን ለመስማት መንገደኛ እስኪመጣ መጠበቅ ነበረባት፤ ዛሬ ግን ከመዳፍ በማትበልጥ ስልክ ድምፁን ትሰማለች። ይህ ነገር ከተለመደ በኋላ እንደ ቀላል ይቈጠራል። ስለዚህ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅም ዘንድ፥ በሳይንስ መሣሪያዎች ስብስብ ውስጥ ተጠብቆ የሚገኘውን የጥንቱን ማዳመጫ እንመለከታለን።

በዋሽንግተን በሚገኘው በስሚዝሶንያን ቤተ መዘክር፥ አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ለምርመራ የሠራቸው ስልኮች ይገኛሉ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1877 ዓ.ም. የተለመደው ማዳመጫ ከእንጨት የተሠራ፥ በእጅ የሚጨበጥ፥ በአንድ ጫፉ እንደ ጽዋ የሰፋ ነበር። በውስጡ የማግኔት ዘንግ አለ፤ በዘንጉ ጫፍ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል፤ በፊቱም ስስ የብረት ሰሌዳ ተዘርግቷል። የተናጋሪው ድምፅ በወዲያኛው ጫፍ ያለውን ሰሌዳ ሲያንቀጠቅጠው፥ በጥምጥሙ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ይህም በሽቦ ተጉዞ በወዲህኛው መሣሪያ ያለውን የማግኔት ኀይል ከፍና ዝቅ ያደርገዋል። ሰሌዳውም በዚያው ልክ ተንቀጥቅጦ አየሩን ይመታል፤ ጆሮም ድምፁን ይሰማል።

በመጀመሪያ አንዱ መሣሪያ ለመናገሪያም ለመስሚያም ያገለግል ስለ ነበር፥ ሰው ተናግሮ ሲጨርስ ከአፉ ወደ ጆሮው ያዛውረው ነበር። እየተናገሩ መስማት አይቻልም ነበር።

ቤል መስማት ለተሳናቸው ልጆች አስተማሪ ነበር። እናቱ በጆሮዋ በደንብ አትሰማም ነበር፤ ሚስቱም ከሕፃንነትዋ ጀምሮ መስማት የተሳናት ነበረች። በ1874 ዓ.ም. ከሞተ ሰው የተወሰደ ጆሮ መርምሮ፥ ስስ የሆነው የጆሮ ታምቡር አጥንቶችን እንደሚያንቀሳቅስ አስተዋለ፤ ይህም ለፈጠራው መንገድ ከፈተለት። በመጋቢት 1876 ዓ.ም. ንግግርን በሽቦ አስተላለፈ። በዚያው ዓመት በሰኔ የብራዚል ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ፔድሮ በፊላደልፊያ ኤግዚቢሽን አዳምጠው ተደነቁ። የቤል ሚስት ግን ባሏ የሠራውን ስልክ አንድም ቀን አልሰማችበትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ፥ ስልክ በዘመነ ዳግማዊ ምኒልክ መግባቱ የታወቀ ነው። የአገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ አጀማመሩን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ያደርገዋል፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ የተዘረጋውም መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር። አካሉ የማይታይ ሰው ድምፅ ከሣጥን ሲወጣ የሰሙ አንዳንድ ካህናት የሰይጣን ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንደ ጸኑበት ይነገራል። እነዚያን አባቶች በፌዝ ማንሣት አይገባንም። ማን እንደሚናገረን ሳናውቅ ጆሮአችንን አንስጥ ማለታቸው እንደሆነ፥ ጥያቄው ዛሬም በየቤታችን አለ። ንጉሠ ነገሥቱም አልተሳሳቱም፤ ሽቦው የሚያደርሰው ሰው የተናገረውን ብቻ ነውና።

«ስልክ» የሚለው ቃል በዐረብኛ ሽቦ ማለት ነው። ዛሬ በእጃችን የምንይዘው ስልክ ሽቦ የለውም፤ ስሙ ግን ቀርቷል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ተንቀሳቃሽ ስልክ ከከተማ አልፎ ወደ ገጠር ዘልቋል፤ በትንሿ ማዳመጫው ውስጥም እስከ ዛሬ ማግኔትና ጥምጥም ይገኛሉ።

እንግዲህ ያ ልጅ ወደ ገዘር ሲደውል የገንዘብ ጉዳዩን ብቻ ተናግሮ ቢዘጋ፥ ስልኩ ሥራውን ፈጽሟል፤ ልጁ ግን አልፈጸመም። እናቱ ስለ ጕልበትዋ ሕመም፥ ስለ ጎረቤት ኀዘን፥ ስለ ቡናው ለቀማ የምትነግረው ነበራት። የጥንቱ ሰው ከተናገረ በኋላ መሣሪያውን ወደ ጆሮው ያዞር ነበር፤ ዛሬ መሣሪያው አያስገድደንም። ስለዚህ ከተናገርን በኋላ ጆሮአችንን የምናዞረው በፈቃዳችን ነው፤ ወላጆቻችንም የሚጠብቁት ይህንኑ ነው።