ነቀርሳ ከወላጅ ይወረሳልን?

«እናቷ በጡት ነቀርሳ ሞተዋል፤ እርሷም አይቀርላትም» ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ለበሽታው መጋለጥ ነው፤ ይህም ከመቶ የነቀርሳ ሕሙማን ከ5 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ብቻ ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ1994 ተለይቶ የታወቀው ቢ.አር.ሲ.ኤ. 1 የተባለው ጂን በሕዋሳታችን ውስጥ የተጎዳውን የዘር መልእክት ለመጠገን ይረዳል። ይህ ጂን ተበላሽቶ ከወረሱት መቶ ሴቶች ከ60 በላይ የሚሆኑት በዕድሜ ዘመናቸው የጡት ነቀርሳ ይይዛቸዋል፤ የቀሩት ግን ሳይያዙ ይኖራሉ። ጉድለቱ ከአባትም ይተላለፋል።

ስለዚህ ወገኖች ሆይ፣ በእናትም ሆነ በአባት ወገን በለጋ ዕድሜ በጡት ነቀርሳ የታመመ ቢኖር እንደ እርግማን ቆጥረን አንደብቀው፤ ለሐኪም እንንገር። በጊዜ የተደረሰበት ነቀርሳ ይታከማልና።