በደቂቃ ወይስ በመጠን? የቀደምት የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋና ፍጥነት ዛሬም የሚያስተምረው

ከከተማ ወጥተው ወደ ገጠር ሲጓዙ በስልክዎ የላይኛው ጠርዝ ላይ ያለው የኔትወርክ ምልክት ሲለዋወጥ አስተውለው ይሆናል። 4ጂ የነበረው ወደ 3ጂ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም “ኢ” ወይም “ጂ” ተብላ የምትነበብ አንዲት የላቲን ፊደል ብቻ ትቀራለች። ያን ጊዜ አንድ ፎቶ መላክ ደቂቃዎችን ይፈጃል። የገዙት የኢንተርኔት ጥቅልም ገና ሳይነካ ጊዜው ያልፍበታል።

እነዚህ ፊደላት ከ20 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ የግንኙነት ዘዴዎች ምልክት ናቸው። ዘዴዎቹ እንዴት እንደሚሠሩና በምን ስሌት ያስከፍሉ እንደነበር ማወቅ፣ ዛሬ የትኛውን ጥቅል የት መግዛት እንደሚበጅ ለመለየት ይረዳል።

ደውሎ መገናኘት፦ ክፍያ በደቂቃ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በሞባይል ስልክ ኢንተርኔት መጠቀም ማለት መደወል ማለት ነበር። ስልኩ እንደ ማንኛውም ጥሪ ይደውላል፤ መስመሩም እስኪዘጋ ድረስ ለአንድ ደንበኛ ብቻ ተይዞ ይቆያል። ፍጥነቱ በሰከንድ 9.6 ኪሎ ቢት፣ በኋላም 14.4 ኪሎ ቢት ነበር። ክፍያው የሚታሰበው በደቂቃ ነው።

ይህ አሠራር የውኃ ፓምፕ በሰዓት ከመከራየት ጋር ይመሳሰላል። ውኃው ቢፈስም ባይፈስም ኪራዩ ይቆጥራል። ተጠቃሚውም አንዱን ገጽ ከፍቶ በጸጥታ ሲያነብ፣ ምንም መረጃ ባይተላለፍም፣ ሂሳቡ አያርፍም ነበር።

ፍጥነቱን ለማሻሻል በርካታ መስመሮችን በአንድ ላይ የሚያጣምር ዘዴ መጣ። አራት መስመሮች ሲጣመሩ ፍጥነቱ በሰከንድ እስከ 57.6 ኪሎ ቢት ይደርሳል። ሆኖም አንድ ሰው የአራት ሰዎችን መስመር ስለሚይዝ ለኔትወርኩ ሸክም ሆነ፤ ቆጣሪውም እንደ ቀድሞው በደቂቃ መሄዱን ቀጠለ።

እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ለትንንሽ የስልክ መስኮቶች ታስቦ የተዘጋጀው “ዋፕ” የተባለው የገጽ አቀራረብ በኖኪያ 7110 ስልክ ላይ ለገበያ ቀረበ። ዋፕ ገጹን አቀለለ እንጂ መስመሩን አላፋጠነም። በብዙ አገሮች በደቂቃ በሚከፈል ዘገምተኛ መስመር ላይ ስለተጫነ ብዙዎችን አሰልችቷል።

የጃፓን ትምህርት፦ ፍጥነቱ ያው፣ ስሌቱ ሌላ

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር የጃፓኑ ኤን.ቲ.ቲ. ዶኮሞ “አይ-ሞድ” የተሰኘ አገልግሎት ጀመረ። ፍጥነቱ በሰከንድ 9.6 ኪሎ ቢት ነበር፤ ከደውሎ መገናኘት የተሻለ አልነበረም። ልዩነቱ መረጃው በትንንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ መላኩና ክፍያውም በእሽግ መታሰቡ ነው። ወርኃዊው መደበኛ ክፍያ 300 የን ሲሆን፣ 128 ባይት ለሚይዝ አንድ እሽግ ደግሞ 0.3 የን ይከፈል ነበር።

1,000 ባይት የሆነ አጭር ጽሑፍ ስምንት እሽግ ያህል ይሆናል፤ ዋጋውም 2.4 የን ነው። ተጠቃሚው ጽሑፉን አንድ ሰዓት ሙሉ ቢያነበው ሂሳቡ አይጨምርም። ሕዝቡ በብዛት የተቀበለውም ለዚህ ነው።

ነገር ግን በመጠን መክፈል ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። በዚያ ዋጋ 1 ሜጋ ባይት ፎቶ ቢላክ ከ2,300 የን በላይ ያስወጣ ነበር። ለጥቂት ጽሑፍ የሚስማማው ስሌት ለከባድ ፋይል ኪስ የሚያራቁት ይሆናል። እንግዲህ ርካሹ ዘዴ የትኛው እንደሆነ የሚወስነው የሚሠራው ሥራ ነው።

“ጂ”፣ “ኢ” እና 3ጂ

እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ በእሽግ የመላክ አሠራር በጂ.ፒ.አር.ኤስ. አማካኝነት ወደ ሌላው ዓለም ተዛመተ፤ “ጂ” የሚለው ምልክት የዚህ ነው። በወረቀት ላይ በሰከንድ እስከ 171 ኪሎ ቢት ቢባልም፣ በተግባር የሚገኘው ከ30 እስከ 50 ኪሎ ቢት ነው። መስመሩን ብዙ ሰዎች ስለሚጋሩት የድምፅ ጥሪዎች ሲበዙ ለኢንተርኔት የሚቀረው ቦታ ይጠባል። ጥሪ ሲመጣም የኢንተርኔቱ ግንኙነት አብዛኛውን ጊዜ ይቋረጣል።

እ.ኤ.አ. በ2003 ሥራ ላይ የዋለው “ኤጅ” ደግሞ “ኢ” በሚለው ምልክት ይታወቃል። ያንኑ የ2ጂ መሠረት ይዞ በአንድ ጊዜ ብዙ መረጃ ስለሚጭን በተግባር ከ100 እስከ 200 ኪሎ ቢት በሰከንድ ይደርሳል። 3ጂ እ.ኤ.አ. በ2001 በጃፓን ሲጀመር እስከ 384 ኪሎ ቢት ያስተላልፍ ነበር፤ በኋላ የመጡት ማሻሻያዎች በሜጋ ቢት ወደሚለካ ፍጥነት አሳድገውታል።

1 ሜጋ ባይት የሚመዝን አንድ ፎቶ ለማስተላለፍ የሚፈጀውን ጊዜ በግምት ብናነጻጽር፦

- በ9.6 ኪሎ ቢት ደውሎ መገናኘት፦ 14 ደቂቃ
- በ40 ኪሎ ቢት “ጂ”፦ 3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ
- በ150 ኪሎ ቢት “ኢ”፦ 53 ሰከንድ
- በ384 ኪሎ ቢት 3ጂ፦ 21 ሰከንድ

ዛሬ ለምን ይጠቅመናል?

በኢትዮጵያ የሞባይል ስልክ አገልግሎት የተጀመረው አይ-ሞድ በጃፓን በተጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ በከተሞች 4ጂ የተለመደ ቢሆንም በብዙ የገጠር ቀበሌዎች ስልኩ አሁንም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ኢንተርኔት የምንገዛው ደግሞ መጠንም የጊዜ ገደብም ባለው ጥቅል ነው። የጊዜ ገደቡ የጥንቱ በደቂቃ የማስከፈል ስሌት በሌላ መልኩ ሲመለስ ነው ማለት ይቻላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። በ“ጂ” መስመር አንድ ሰዓት ሙሉ ያለማቋረጥ ቢጠቀሙ የሚያልፈው መረጃ 18 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። በ“ኢ” ደግሞ 70 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። 1 ጊጋ ባይት ለመጨረስ በ“ኢ” 15 ሰዓት ያህል፣ በ“ጂ” ከሁለት ቀን በላይ ያለማቋረጥ መጠቀምን ይጠይቃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ አካባቢ የሚኖር ሰው የአንድ ቀን ትልቅ ጥቅል ቢገዛ አብዛኛውን ገንዘቡን ያባክናል። ለእርሱ የሚበጀው መጠኑ አነስተኛ፣ ጊዜው ግን ረጅም የሆነ ጥቅል ነው። በ4ጂ አካባቢ ቪዲዮ ወይም ትልቅ ፋይል ለማውረድ የፈለገ ከተሜ ግን የአጭር ጊዜ ትልቅ ጥቅል ቢገዛ ሊያዋጣው ይችላል።

ጥቅል ከመግዛትዎ በፊት የስልክዎን ምልክት ይመልከቱ። “ጂ” ወይም “ኢ” ከሆነ ቪዲዮ በራሱ እንዳይከፈት፣ መተግበሪያዎችም በራሳቸው እንዳይታደሱ ያድርጉ። ፎቶ ሲልኩ ጥራቱን ዝቅ ያድርጉ። ከባድ ፋይል ካለ ለገበያ ቀን ከተማ ሲገቡ ቢልኩት ይሻላል።

ኢንተርኔት የማይጠይቁ መንገዶችንም አይርሱ። ቴሌብርን *127# ደውሎ ያለ ኢንተርኔት መጠቀም ይቻላል። ለአርሶ አደሮች የግብርና ምክር የሚሰጠው 8028 የነፃ መስመርም በድምፅ ጥሪ ይሠራል። አጭር መልእክት ሲልኩ ግን አንድ ነገር ያስታውሱ፦ በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት የሚይዘው አንድ መልእክት በአማርኛ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል።

ፍጥነቱን የሚወስነው በአካባቢው ያለው ኔትወርክ ነው፤ ተጠቃሚው ሊቀይረው አይችልም። የሚገዛውን ጥቅል ከፍጥነቱ ጋር አመዛዝኖ መምረጥ ግን በእጁ ነው።