ስኳሩ ሲሟሟ

ኦልድ ፋሽንድ የሚባለውን የውስኪ ኮክቴል ቤቴ ውስጥ መጀመሪያ ስሞክር ቸኮልኩ። ስኳሩ ሳይሟሟ ውስኪውን ገለበጥኩበት፤ መጨረሻ ላይ አሸዋ የጠጣሁ መሰለኝ።

አሁን አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ላይ ቢተርስ፣ ማለትም ቅመማ ቅመም የተዘፈዘፈበትን መራራ አልኮል፣ ሁለት ሦስቴ ጠብ አደርግና በትንሽ ውሃ በትዕግሥት አማስላለሁ። ከዚያ 60 ሚሊ ሊትር ቡርቦን። ቡርቦን ቢያንስ 51 በመቶ እህሉ በቆሎ የሆነ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል የሚቆይ የአሜሪካ ውስኪ ነው። በረዶው ትልቅ ይሁን፤ ትንንሹ ቶሎ ቀልጦ መጠጡን ያቀጥነዋል። በመጨረሻ የብርቱካን ልጣጭ ብርጭቆው ላይ ጨመቅ ማድረግ ነው፤ መዓዛው ያለው ዘይቱ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1806 አንድ የኒውዮርክ ግዛት ጋዜጣ ኮክቴልን አልኮል፣ ስኳር፣ ውሃና ቢተርስ ሲል ፈቶታል፤ ኦልድ ፋሽንድም ይኸው ነው። ኮካ የሚጨምርበት ወዳጄ ይስማ፤ ያ ሌላ መጠጥ ነው።