ጥጃው ከእናቱ ጋር ይቆይ

ደብረ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ወተት የምገዛበት ግቢ አለ። ባለፈው ክረምት አንድ ማለዳ ጎራ ስል አንዲት የፈረንጅ ድቅል ላም በረቱን እያናወጠች ትጮሃለች። ሌሊት ወልዳለች፤ ጥጃዋን ሳትልሰው ወስደውባታል። «ወንድ ነው» አለኝ አላቢው ወጣት። ከዚያ በላይ ማስረዳት የሚያስፈልግ አልመሰለውም። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም፤ እናትና ልጅን ገና ሳይደርቁ መለየት ከመቼ ወዲህ የዘመናዊ እርባታ ምልክት ሆነ?

በጎጃም ደጋ ገጠር ይህ እንግዳ ነገር ነው። የጎዛምን ባላገር የሆኑ፣ ዕድሜያቸውን በላም ሥር የጨረሱ እናት አጫወቱኝ። «ልጄ፣ የአበሻ ላም ጥጃዋን ሳታይ ጠብታ አትሰጥህም። መጀመሪያ ትለቅላታለህ። ግቷን በግንባሩ ጎሸም ጎሸም ያደርጋል፤ ወተቱ ሲወርድ አፉ አረፋ ይደፍቃል። ያኔ ትነጥለውና ከፊት እግሯ ታስረዋለህ። እሷ ትልሰዋለች፣ አንተ ታልባለህ። ስትጨርስ መልሰህ ትለቅላታለህ። የእሱን ድርሻ አሟጠህ ያለብህ እንደሆነ ግፍ ነው።»

ጥጃው ቢሞትስ? «ቆዳውን ገፈን ጭድ እንሞላና እናቆምላታለን፤ ጨው ነስነስ እናደርግበታለን። አንዳንዷ እየላሰች ትታለባለች። አንዳንዷ አሽትታ ፊቷን ታዞራለች። እሷ በዚያው ነጠፈች።»

ይህ ብልሃት የጎጃም ብቻ አይደለም። እንግሊዛዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ኤቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌሮች ባሳተመው መጽሐፍ በጭድ የተሞላውን የጥጃ ቆዳ መዝግቦታል፤ ኑዌሮቹ የእናቲቱን ሽንት ይቀቡታል። ዓባይን ተከትለን ግብፅ ብንወርድ ደግሞ በካይሮ ሙዚየም የጥንቷ ንግሥት የካዊት የድንጋይ የሬሳ ሣጥን አለ። ከአራት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተቀረጸ ነው። አላቢው ተንበርክኮ ላሚቱን ያልባል፣ ጥጃዋ ከፊት እግሯ ታስሯል፣ ከዓይኗ እንባ ይወርዳል። ጎዛምን ላይ ጠዋት ጠዋት የሚታየው አስተላለብ ይኸው ነው። ቀራጩ እንባዋን አለመዝለሉ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ላም ጥጃዋን ስታይ ወተት የምትለቅበት ምስጢር ኦክሲቶሲን የሚባል ሆርሞን ነው። ጥጃው ሲጠባ፣ ሲሸት፣ ሲታይ ከአንጎሏ ይመነጭና ወተቱን ከግቷ ይለቅቃል። የፈረንጅ ላሞች ያለ ጥጃ እንዲታለቡ ለብዙ ትውልድ ተመርጠዋል፤ የእኛዎቹ አልተመረጡም። ወደ አገራችን የወተት ከብት በብዛት የገባው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታና መልሶ ማቋቋሚያ ድርጅት 300 የፍሪዥያንና የብራውን ስዊስ ላሞች ሰጠ። በእኛ ክልልም ቻግኒ አጠገብ ያለው የመተከል ራንች የፎገራን ዘር ከፍሪዥያን እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬ አከፋፈለ። ኅዳር 2015 ዓ.ም. የተጀመረው የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር ደግሞ የማዳቀሉን ሩጫ አፋጠነው። የአገሬ ላም በቀን በአማካይ 1.5 ሊትር ገደማ ስለምትሰጥ በመዳቀሉ አልከራከርም። ከዘሩ ጋር የፈረንጁ አያያዝ እንዳለ መምጣቱ ነው ቅር የሚለኝ።

ወንዱ ጥጃ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። በበሬ በሚያርስ አገር ወንድ ጥጃ የነገ እርሻ ነበር። ድቅሉ ግን ቦታ የለውም። እኚያ እናት «ሻኛ የሌለው በሬ፣ ቀንበሩ የት ይረፍ?» አሉኝ። ከተማ ውስጥ በየሳምንቱ ስንቱ ወንድ ጥጃ እንደሚሞት አንድ የዘርፉን ኃላፊ ጠየቅኋቸው። «በደብዳቤ ጠይቅ» አሉኝ። በደብዳቤ ጠየቅሁ፤ መልስ አልመጣም።

የመለያየቱ ደጋፊዎች በሽታን ይጠቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በወተት ሳይንስ መጽሔት የወጣ ሰፊ የጥናቶች ቅኝት ግን፣ ቶሎ መለየት ለላሟም ለጥጃውም ጤና ይሻላል የሚያሰኝ ወጥ ማስረጃ አላገኘም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣንም እ.ኤ.አ. በ2023 ጥጃ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ከእናቱ ጋር ይቆይ፣ ከዚያም በላይ መቆየቱ እየተለመደ ይሂድ ሲል መክሯል። መለየትን ያስተማሩን አገሮች እየተመለሱ ነው ማለት ነው። እርግጥ የምታጠባ ላም ኮርማ የምትፈልግበት ጊዜ ይዘገያል፤ በወተት ለሚተዳደር ቤተሰብ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ባህላችንም ንጹሕ አይደለም። ጥጃ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ ተከላካይ የለውም፤ የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ያንን የሚቀበለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ሲሆን፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይዘጋል። በብዙ ቤት ግን «ያስቀምጠዋል» ተብሎ እንገሩ ከጥጃው ይቀነሳል፤ ተፈልቶም ለሰው ይቀርባል።

የግብርና ባለሙያዎችና የከተማ ላም አርቢዎች ሆይ፣ ጥጃው ወንድም ሴትም ቢሆን እንደተወለደ እናቱ ትላሰው፣ እንገሩን ይጥባ፤ ከእያንዳንዱ አለባ በኋላም ይለቀቅላት። የሞቱት ወንድ ጥጆችም ይመዝገቡ፤ ቁጥሩም ለሚጠይቅ ሁሉ ይነገር።