አሜሪካ ውስጥ ፕሬዝዳንት ለምን ሁለት ጊዜ ብቻ ይመረጣል?

ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ስለ አሜሪካ ፕሬዝዳንቶች የሥልጣን ዘመን ገደብ ነው።

ነገሩ የጀመረው በክፍላችን የጥያቄና መልስ ውድድር ላይ ነው። «አንድ ሰው ስንት ጊዜ የአሜሪካ ፕሬዝዳንት ሆኖ ሊመረጥ ይችላል?» ተብዬ ተጠየቅኩ። «ሁለት ጊዜ!» ብዬ መለስኩና ተጨበጨበልኝ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ግን እጇን አውጥታ «ታዲያ ሩዝቬልት እንዴት አራት ጊዜ ተመረጡ?» አለች። ዝም አልኩ። ነጥቡን አግኝቻለሁ፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም ነበር። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍት ገብቼ አነበብኩ፣ የዜግነት መምህራችንንም ጠየቅኩ። ያገኘሁትን እነሆ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ሕግ አልነበረም

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የተረቀቀው በ1787 ነው። የፕሬዝዳንቱ አንድ የሥልጣን ዘመን አራት ዓመት እንዲሆን ተወሰነ። ስንት ጊዜ መመረጥ እንደሚቻል ግን ምንም አልተጻፈም። ሕዝቡ እስከ መረጠው ድረስ አንድ ሰው ዕድሜ ልኩን ፕሬዝዳንት መሆን ይችል ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በ1789 ሥልጣን ያዙ። ሁለት ጊዜ ተመርጠው ስምንት ዓመት ከመሩ በኋላ በቃኝ ብለው በ1797 ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ቶማስ ጀፈርሰንም ሁለት ዘመን መርተው ለቀቁ። እንዲህ እንዲህ እያለ ልማድ ሆነ። በሕግ ያልተጻፈ ይህ ልማድ ከ140 ዓመት በላይ ቆየ። የሞከረ የለም ማለት ግን አይደለም። ሁለት ጊዜ የመሩት ዩሊሰስ ግራንት በ1880 ለሦስተኛ ጊዜ መወዳደር ፈልገው ነበር፤ ፓርቲያቸው ግን ሌላ ሰው መረጠ።

ልማዱ ሲሰበር

ፍራንክሊን ሩዝቬልት የተመረጡት በ1932 ነው። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ብዙ ባንኮች ከስረው፣ ብዙ ሰው ሥራ አጥቶ ነበር። በ1936 እንደገና ተመረጡ። በ1940 አውሮፓ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እየነደደች ስለነበር ለሦስተኛ ጊዜ፣ በ1944 ደግሞ ለአራተኛ ጊዜ ተመረጡ። በጉልበት አይደለም፣ ሕዝቡ በድምፁ ነው የመረጣቸው።

የኛ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1945 ግብፅ ውስጥ መርከብ ላይ ያነጋገሯቸው እኚሁኑ ሩዝቬልት ነው። ሰውዬው ያኔ በጣም ታመው ነበር። ከሁለት ወር በኋላ፣ ኤፕሪል 12 ቀን፣ ሥልጣን ላይ እያሉ አረፉ። አራተኛው ዘመናቸው ገና ሦስት ወር እንኳን አልሞላውም ነበር።

ሕጉ ተጻፈ

ከዚህ በኋላ ብዙ አሜሪካውያን ልማድ ብቻውን አይበቃም፣ ይጻፍ አሉ። ሕገ መንግሥት ማሻሻል ግን ቀላል አይደለም። በሁለቱም ምክር ቤቶች ከሦስት እጅ ሁለት እጁ መስማማት አለበት። ከዚያም ከአራት ግዛቶች ሦስቱ ማጽደቅ አለባቸው። ያኔ ግዛቶቹ 48 ስለነበሩ 36 ያስፈልጉ ነበር። ምክር ቤቶቹ በ1947 ተስማሙ፣ ግዛቶቹ ደግሞ በ1951 አጸደቁት። ይህ 22ኛው ማሻሻያ ይባላል።

ሕጉ እንዲህ ይላል፦

1ኛ. ማንም ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ ፕሬዝዳንት ሆኖ አይመረጥም። በመሀል ቢያርፍም ያው ነው። ዶናልድ ትራምፕ በ2016 እና በ2024 ተመርጠዋል፤ ተከታታይ ባይሆንም ሁለት ተብሎ ይቆጠራል።

2ኛ. ፕሬዝዳንቱ ቢሞት ወይም ቢለቅ ምክትሉ ይተካል። ምክትሉ ከሁለት ዓመት በላይ በሰው ዘመን ከመራ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይመረጣል። ኬኔዲ በ1963 ሲገደሉ የተተኩት ሊንደን ጆንሰን የቀራቸው 14 ወር ስለነበር ሁለት ጊዜ መመረጥ ይፈቀድላቸው ነበር። በ1974 ኒክሰንን የተኩት ጄራልድ ፎርድ ግን ከሁለት ዓመት በላይ ስለመሩ የሚፈቀድላቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

ይህን ስትደምሩት አንድ ሰው በዚህ መንገድ ቢበዛ 10 ዓመት ይመራል ማለት ነው።

ክርክራችን

መምህራችን ክፍሉን ለሁለት ከፍለው አከራከሩን። አንደኛው ወገን «ሕዝቡ የወደደውን ሰው ሕግ ለምን ይከለክለዋል? ጎበዝ መሪ ሲገኝስ?» አለ። እኔም እዚያ ወገን ነበርኩ። ሁለተኛው ወገን «ብዙ የቆየ ሰው ሹመቱም ሠራዊቱም በእጁ ነው፣ አዲስ ተወዳዳሪ እንዴት ይችለዋል?» አለ።

የኛ ወገን ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ብዬ አሁንም አላምንም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሕጉ መሪውን መጥፎ ነህ አይለውም። ጎበዙንም ሰነፉንም እኩል ነው ተነስ የሚለው። ምክንያቱም ሥልጣን ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ «ከኔ የተሻለ የለም» ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

ይህን የማውቀው ከራሴ ነው። በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ የሚኒ ሚዲያውን ዜና ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ የማነበው እኔ ነኝ። አንዲት የ5ኛ ክፍል ልጅ በየሳምንቱ እየመጣች «ወንድም፣ የኔ ተራ መቼ ነው?» ትለኛለች። እኔም «መጀመሪያ ተለማመጂ» እላታለሁ። ለካ ማይኩን እኔ ይዤው የት ትለማመድ!

ስለዚህ አንድ አንባቢ ከአንድ ዓመት በላይ እንዳያነብ ለክበባችን ሐሳብ አቀረብኩ። ተቀባይነት አገኘና በመዝገባችን ተጻፈ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ዜናውን የምታነበው እሷ ናት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ማይኩን ስሰጣት ሆዴ መባባቱ አይቀርም። ይጻፍ ያልኩትም ለዚሁ ነው፤ ያን ቀን ሐሳቤን እንዳልቀይር።

አስተያየት ያላችሁ ጽፋችሁ በክበባችን ሣጥን ውስጥ ክተቱልን። ቸር እንሰንብት!